ባለቤት ያጣ የዴቢያን ፓኬጅ ልረከብ ወይስ ይቅርብኝ?

መምህርት_ከቱሉዲምቱ

ሰላም ለሁላችሁ። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ የኮምፒውተር ላብ የምይዘው እኔ ነኝ። ማሽኖቹ አሮጌ ናቸው። ዊንዶውስ እየተንቀራፈፈ ሲያስመርረን ዴቢያን (ነጻ የሊኑክስ ስርዓት) ጫንንባቸውና እፎይ አልን። አብዛኞቹ ዴቢያን 13 ላይ ናቸው። 32 ቢት ብቻ የሆኑት ግን 12 ላይ ቀርተዋል፤ 13 ለእነሱ መጫኛም ከርነልም (የስርዓቱ እምብርት) የለውም።

ጥያቄዬ ስለ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ነው። ልጆቹ በአስር ጣት መተየብ የሚለማመዱባት ናት። ተርሚናል ውስጥ ነው የምትሠራው፣ በሲ የተጻፈች ናት፣ ማሽን አታከብድም። ስሟን ለጊዜው ልተወው፣ መጀመሪያ የእናንተን ሐሳብ ልስማ። ሰሞኑን የፓኬጇን (ዴቢያን ላይ እንድትጫን ተሰናድታ የተቀመጠችበትን) ገጽ ከፍቼ ሳይ ሜንቴነሩ (የሚንከባከባት ሰው) ለቋታል፤ "ኦርፋን" (ባለቤት ያጣች) ተብላለች። የባሰው ደግሞ በጂሲሲ 15 (ኮዱን ወደ ፕሮግራም በሚቀይረው ኮምፓይለር) አትገነባም የሚል ከባድ ባግ (የስህተት ሪፖርት) ተከፍቶባታል፤ ካልተስተካከለ ከቴስቲንግ (ቀጣዩ ዴቢያን ከሚዘጋጅበት ክፍል) ትወጣለች ይላል። ፕሮግራሟን የጻፈው ሰውም ድምፁ ከጠፋ ዓመታት ሆነው።

እኔም ለምን አልረከባትም ብዬ አሰብኩ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ የሲ እውቀቴ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ነው። ኢንተርኔቴ የሞባይል ዳታ ነው። መብራቱን አትጠይቁኝ። ደግሞ ከተረከብኩ በኋላ አልቻልኩም ማለት ይቻላል ወይ? ማንም ተነስቶ "ከዛሬ ጀምሮ የኔ ናት" ማለትስ ይችላል?

ሌላም ሐሳብ አለኝ። የአማርኛ ልምምድ ልጨምርባት እፈልጋለሁ። ከመማሪያ መጽሐፍ ላይ አንቀጾች እየወሰድኩ ማዘጋጀት ጀምሬያለሁ። ልምዱ ያላችሁ በናታችሁ ምከሩኝ።

ሲድ_ላይ_ነዋሪ

መጀመሪያ ተረጋጊ። ከቴስቲንግ ወጣች ማለት ከላብሽ ጠፋች ማለት አይደለም። ዴቢያን 13 ውስጥ ያለችው እዚያው ትቆያለች። 13 የወጣው እ.ኤ.አ. ኦገስት 2025 ነው፤ ሦስት ዓመት መደበኛ ድጋፍ፣ ከዚያ ሁለት ዓመት ኤልቲኤስ (የተራዘመ ድጋፍ) አለው። የምትቀርብሽ ወደ 14 ስትሸጋገሪ ነው። ስለዚህ ጊዜ አለሽ።

ሁለተኛው ዋናው ነው። አትረከቢ። ቢያንስ አሁን አትረከቢ።

ለምን መሰለሽ፣ አንድ ፓኬጅ ኦርፋን ሲሆን ሜንቴነሩ በወረቀት ላይ የዴቢያን ኪውኤ (የጥራት) ቡድን ይሆናል። እናም ማንም ሰው፣ አንቺም ጭምር፣ ሳይረከባት ሊያስተካክላት ይችላል። ይሄ ኪውኤ አፕሎድ ይባላል። ቼንጅሎጉ (የለውጥ መዝገቡ) ላይ መጀመሪያ "ኪውኤ አፕሎድ" ብለሽ ትጽፊያለሽ፣ ኮንትሮል ፋይሉ (የፓኬጁ መግለጫ) ላይ የቀድሞው ሰው ስም ካለ ወደ ኪውኤ ቡድኑ ትቀይሪዋለሽ፣ ባጉን ታስተካክያለሽ፣ አለቀ። ለወደፊቱ የገባሽው ቃል የለም።

ሰው ፓኬጅ መሥራት ሲባል የዴብ ፋይል (ዴቢያን ላይ የሚጫነውን ፋይል) ማውጣት ይመስለዋል። እሱማ የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው። ሜንቴነርነት የሚባለው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው፤ ኮምፓይለሩ ይቀየራል፣ አንዱ ላይብረሪ ይወገዳል፣ ስሙን ሰምተሽ የማታውቂው ፕሮሰሰር ላይ ቴስቱ ወደቀ የሚል ኢሜይል ይመጣል፣ ያ ሁሉ ደግሞ አንቺ የፈተና ወረቀት እያረምሽ ባለሽበት ሳምንት ላይ ይደርሳል። ይሄን ተሸክመሽ ትችይው እንደሆነ የሚታወቀው አንድ ሁለቴ ካስተካከልሽ በኋላ ነው። ያኔ ከወደድሽው የኦርፋኑን ባግ ርዕስ ከ"ኦ" (ኦርፋን) ወደ "አይቲኤ" (ልረከብ ነው) ቀይረሽ በስምሽ ትይዥዋለሽ። መልቀቅም ይቻላል፣ ማንም አይቆጣሽም። የሚያናድደው ዝም ብሎ መጥፋት ነው። ይዘው ዝም ያሉ ሰዎች ናቸው ፓኬጅ የሚገድሉት።

አሁን ወደ ባጉ። ጂሲሲ 15 ምንም ካልተባለ ሲ23 በሚባለው ደረጃ ነው የሚገነባው፤ በፊት የነበረው ሲ17 ነው። በድሮው ሲ የአንድን ፈንክሽን ቅንፍ ባዶ ብትተዪው "ምን እንደሚቀበል አልተናገርኩም" ማለት ነበር። በአዲሱ ግን "ምንም አይቀበልም" ማለት ሆኗል። እና አሮጌ ፕሮግራም ቅንፉን ባዶ ትቶ ሲያበቃ፣ ሲጠራው ሁለት ነገር ካቀበለው ኮምፓይለሩ አሻፈረኝ ይላል። ሌላው የተለመደ ጣጣ "ቡል" የምትለዋ ቃል ናት። አሁን የቋንቋው ቁልፍ ቃል ሆናለች፣ ድሮ ግን ሁሉም የራሱን ቡል ይፈጥር ነበር።

መውጫው ሁለት ነው። ሩልስ ፋይሉ (የግንባታው መመሪያ) ውስጥ በድሮው ደረጃ ገንባ የሚል አንድ መስመር መጨመር፣ ወይም ኮዱን ራሱ ማረም። የመጀመሪያው ማስታገሻ ነው። የስህተት መልእክቶቹን ልጥፊያቸውና እንያቸው፤ እንዲህ ዓይነት ፕሮግራም ላይ አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት መስመር ነው።

ከሱሉልታ_ወዲህ

እኔ የምለው፣ ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? ሶርሱን አውርደሽ ራስሽ ኮምፓይል አድርገሽ ዩኤስአር ሎካል (በእጅ የሚጫን ነገር የሚቀመጥበት ፎልደር) ውስጥ ክተቺው። ወይ ፍላትፓክ (በየትኛውም ሊኑክስ ላይ የሚሠራ ጥቅል) አድርጊው። ዴቢያን ቢሮክራሲ ይወዳል። እኔ አርች (ሌላ ሊኑክስ) ነው የምጠቀመው፣ ኤዩአር (ተጠቃሚዎች ራሳቸው ፓኬጅ የሚያስቀምጡበት የአርች ማከማቻ) ላይ ባለቤት ያጣ ነገር ካለ አካውንት ያለው ሰው አንድ ቁልፍ ተጭኖ ይረከበዋል። ቀሽት ነገር ነው።

ሲድ_ላይ_ነዋሪ

@ከሱሉልታ_ወዲህ ፍላትፓክ ጥሩ ነው፣ አልጠላውም። ግን የትንሿ ፕሮግራም መሠረት የሚሆነው ራንታይም ብቻውን በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ነው። እሱን በሞባይል ዳታ ለተርሚናል ፕሮግራም? ኮምፓይል አድርጎ ማስቀመጡም ለአንድ ማሽን ይሆናል። ለላብ ሲሆን ግን ማን ምን እንደጫነ፣ የትኛው ቨርዥን የት እንዳለ የሚያስታውስ ሰው ያስፈልጋል። መምህርቷ ነገ ሌላ ትምህርት ቤት ብትዛወር የሚተካት ሰው አፕት ጌት (የዴቢያን መጫኛ ትእዛዝ) ብሎ የሚያገኘው ነገር ቢኖር ይሻላል።

የኤዩአር ቀላልነት ደግሞ ዋጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ2018 አንዱ ተነስቶ ባለቤት ያጣውን የአክሮባት ሪደር ፓኬጅ ተረከበና ተንኮል ያለበት ስክሪፕት አስገባበት። ቶሎ ተይዟል፣ ግን መንገዱ ያው አንተ ያደነቅከው አንድ ቁልፍ ነው። ዴቢያን ውስጥ የእሷ አፕሎድ በቀጥታ አይገባም። የማስገባት መብት ያለው የዴቢያን ዲቬሎፐር አይቶ ስፖንሰር ማድረግ (እሱ ማስገባት) አለበት። "የኔ ናት ማለት ይቻላል ወይ" ላለችው መልሱ ይሄ ነው፤ ማለትማ ይቻላል፣ ማስገባት ግን የሚቻለው በሰው ፊት አልፎ ነው።

የድሮው_አድሚን

ልጄ፣ በርቺ። እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ፣ ሰበታ ነው የምኖረው፣ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሳገኝ ዝም አልልም።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባል የለ። የኤክስዜድ ነገር ከዚህ ጋር ይገናኛል። እ.ኤ.አ. ማርች 29 ቀን 2024 ነው ይፋ የሆነው። ኤክስዜድ ፋይል መጭመቂያ ናት፣ ሁሉም ቤት አለች፣ ግን በአንድ የደከመ ሰው ትከሻ ላይ ነበረች። አንድ "ላግዝህ" ባይ መጣ። ሌሎች ደግሞ ሰውየውን "ዘገየህ፣ ሥራውን ለሌላ ስጥ" እያሉ ይወተውቱት ጀመር። ረዳቱ ቀስ በቀስ እምነት አገኘና 5.6.0 እና 5.6.1 ውስጥ የኋላ በር አስገባ። የደረሰበት አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል ኢንጂነር ነው። የዴቢያን ሲድ (አዲስ ነገር መጀመሪያ የሚገባበት ክፍል) ማሽኑ ላይ በኤስኤስኤች (በርቀት መግቢያው) ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ዘገየበት፣ ይሄ ነገር ምንድነው ብሎ ቆፈረ። ሌላ ሰው ቢሆን "ኔትወርክ ነው" ብሎ ያልፈዋል።

ለአንቺ የሚጠቅመው ዝርዝሩ ይሄ ነው። ተንኮሉን የሚያስነሳው ቁራጭ ጊት (የኮዱ ለውጥ ሁሉ የሚመዘገብበት) ውስጥ አልነበረም። በተለቀቀው ታርቦል (የተጠቀለለ የኮድ ፋይል) ውስጥ ብቻ ነው የነበረው። እናም ሜንቴነር ስትሆኚ የምታወርጂው ታርቦል ከጊቱ ጋር አንድ መሆኑን ማየት የሥራው ክፍል ነው። የአንቺ ፕሮግራም አዲስ ሪሊዝ ስለሌላት ለጊዜው ቀላል ነው፤ አርካይቩ (የዴቢያን ማከማቻ) ውስጥ ያለውን ያንኑ ታርቦል ትጠቀሚያለሽ፣ ለውጥሽ ሁሉ ፓች (የለውጥ ፋይል) ሆኖ ለብቻው ይቀመጣል። አንዳንዱ ወጣት "ፓች ምን ያደርጋል፣ ኮዱን ቀይሬ ልዝጋው" ይላል። አይሆንም። ስፖንሰሩ ምን እንደነካሽ በአንድ እይታ ማየት አለበት።

የሁለት አገር ወሬ አወራሁ መሰለኝ። ግን ዴቢያን ራሱ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ እንዲህ በጥርጣሬና በትዕግሥት ነው እዚህ የደረሰው።

መምህርት_ከቱሉዲምቱ

ጋሼ፣ እናመሰግናለን። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የኪውኤ አፕሎዱን ነገር ጨርሶ አላውቀውም ነበር፣ ልቤን አሳረፋችሁት።

አሁን የሚያስጨንቀኝ ዳታው ነው። ንጹሕ በሆነ ሲድ ውስጥ ገንቢ ይላል መመሪያው። ይህ ማለት በየጊዜው ኮምፓይለሩንና ሌላውን ሁሉ እንደ አዲስ ማውረድ ነው? ደግሞ ስፖንሰር ለማግኘት የጂፒጂ ቁልፌን (ማንነቴን የሚያረጋግጠውን ዲጂታል ቁልፍ) የሚፈርምልኝ ዲቬሎፐር በአካል ማግኘት አለብኝ ወይ? እዚህ ማንን አገኛለሁ?

ለገጣፎ_ማዶ

ዳታው ላይ እኔ ልመልስ፣ የኔም ችግር ስለሆነ።

ኤስቢውልድ (በንጹሕ ስርዓት ውስጥ ፓኬጅ የሚገነባ መሣሪያ) ተጠቀሚ። በኤምኤም-ዴብስትራፕ የሲዱን መሠረት አንዴ ትፈጥሪና በታርቦል ታስቀምጪዋለሽ፤ በየግንባታው እሱን ይፈታና ሲጨርስ ይጥለዋል። ከጎኑ አፕት-ካቸር-ኤንጂ ጫኚ። የወረደ ፓኬጅ ሁሉ እዚያ ይቀመጣል፣ በሚቀጥለው ግንባታ ከዲስክሽ ይመጣል። ይሄን ላቡ ውስጥ ባለ አንድ ማሽን ላይ ብታደርጊው ደግሞ የሌሎቹ ማሽኖች አፕዴትም በእሱ በኩል ያልፋል፤ አንድ ፓኬጅ አንዴ ወርዶ ለሁሉም ይዳረሳል። ፓኬጅ ባትሠሪ እንኳ ለእሱ ብለሽ ጫኚው። ሲድ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር መሠረቱን በየጊዜው ማደስ ያስፈልጋል፣ እሱን ነጻ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ስትደርሺ።

ከዚህ የተሻለው ግን ሳልሳ ነው። የዴቢያን የራሱ ጊትላብ (ኮድ በጋራ የሚሠራበት ድረ ገጽ) ነው። የፓኬጁን ጊት እዚያ ትከፍቻለሽ፣ የሳልሳ ሲአይን (በራሱ ገንብቶ የሚፈትሸውን) ታበሪያለሽ። ከዚያ አንቺ የምትልኪው ጥቂት ኪሎባይት ለውጥ ነው። ግንባታውን፣ ሊንቲያኑን (የፓኬጅ ስህተት ፈላጊውን)፣ ተጭኖ ሲነቀል ምን ጥሎ እንደሚሄድ የሚያየውን ፒውፓርትስን፣ ሁሉንም እዚያው ሰርቨሩ ይሠራልሻል። መብራት ቢጠፋ የሚጠፋው የአንቺ ቤት ነው። ተመልሰሽ ስትገቢ ውጤቱ ይጠብቅሻል። አካውንቱ ግን ወዲያው ላይጸድቅ ይችላል፣ ዛሬውኑ ተመዝገቢ።

ባግ ትራኪንጉ ደግሞ ሙሉ በሙሉ በኢሜይል ነው የሚሠራው። ሰው "የድሮ ነው" እያለ ይስቅበታል። እኔ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ በስልኬ ባግ ዘግቼ አውቃለሁ፣ ቱጂ ኔትወርክ ይበቃዋል። ገጽ ሲከፈት የሚሽከረከር ነገር አፍጥጠሽ አታዪም።

ቁልፉን በተመለከተ፣ በስፖንሰር ለሚገባ አፕሎድ የሰው ፊርማ አያስፈልግም። የራስሽን ቁልፍ ትፈጥሪያለሽ፣ ሜንተርስ (ስፖንሰር የሚፈልጉ ፓኬጆች የሚቀመጡበት) ገጽ ላይ ታስገቢዋለሽ፣ ፓኬጁን በእሱ ፈርመሽ ትልኪያለሽ። ፊርማ የሚያስፈልገው ወደፊት ራስሽ በቀጥታ አፕሎድ ማድረግ የሚያስችለውን የዴቢያን ሜንቴነር ደረጃ ስትጠይቂ ነው። እሱ ሩቅ ነው፣ አሁን አታስቢው።

ሲድ_ላይ_ነዋሪ

የሳልሳው ምክር ትክክል ነው። አንድ ልጨምር፣ ሊንቲያን የሚለውን ሁሉ ለማጥፋት አትሞክሪ። ኪውኤ አፕሎድ ላይ ከባዱን ባግ ማስተካከል ይበቃል። ዴብሄልፐሩ (የግንባታ ረዳቱ) ካረጀ ደረጃውን ወደ 13 ከፍ ማድረግ ጥሩ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሩልስ ፋይሉ ሦስት መስመር ሆኖ ይቀራል። ግን ሁሉንም በአንዴ ካደባለቅሽው የሚያየው ሰው ይሰላቻል።

የአማርኛው ልምምድ ላይ ግን ማንም አልመለሰልሽም። እዚያ ላይ ሁለት ነገር አለ።

አንዱ የባለቤትነት መብት ነው። የመማሪያ መጽሐፍ አንቀጽ ገልብጠሽ ዴቢያን ውስጥ ማስገባት አትችይም። ኮፒራይት በሚለው ፋይል ውስጥ የእያንዳንዱ ፋይል ባለቤትና ፈቃድ ይጻፋል፤ ፈቃዱም ማንም እንዲገለብጠው፣ እንዲቀይረው፣ ቢፈልግ እንዲሸጠው የሚፈቅድ መሆን አለበት። "ለትምህርት ነው" ማለት አይሠራም። ተማሪዎችሽን አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ለምን አታስጽፊያቸውም? ወይም የምናውቃቸውን ተረትና ምሳሌዎች ራስሽ ሰብስበሽ ጻፊ፤ ከአንድ ሰው መጽሐፍ በጅምላ አትገልብጪ እንጂ እነሱ የማንም አይደሉም። የራስሽን ጽሑፍ በፕሮግራሟ ፈቃድ ስር ታወጪዋለሽ።

ሁለተኛው ከዚህ ይከብዳል። አሮጌ የሲ ፕሮግራም ከሆነች አንድ ፊደል አንድ ባይት ነው ብላ ነው የምታስበው። የእኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (ፊደላት በኮምፒውተር በሚቀመጡበት ኮድ) ሦስት ባይት ነው። "ሰላም" ብለሽ ስትተይቢ ዘጠኝ ትቆጥራለች። የልጁ ፍጥነት ሦስት እጥፍ ይታያል፣ አንድ ፊደል ሲሳሳት ሦስት ስህተት ይመዘገብበታል። ይሄን ለማስተካከል ሰፊ ካራክተር የሚያውቀውን የኤንከርስስ (የተርሚናል ገጽ መሳያ) ላይብረሪ መጠቀምና ኮዱን በየቦታው መቀየር ይፈልጋል። በዚያ ላይ አማርኛ በአይባስ (የሊኑክስ ፊደል ማስገቢያ) ሲተየብ "ለ" ለማምጣት ሁለት ቁልፍ ትመቺያለሽ። ፕሮግራሟ የምታየው የመጨረሻውን ፊደል እንጂ ጣቶቹን አይደለም። ታዲያ የምታስተምሪው የትኛውን ነው?

ይሄ ፓኬጅ ማድረግ አይደለም፣ ፕሮግራም ማሳደግ ነው። በዴቢያን ፓች ውስጥ ከደበቅሽው ፌዶራ (ሌላ ሊኑክስ) ላይ ያለ ሐበሻ አያገኘውም፣ አንቺ ስትለቂም አብሮ ይሞታል። ከፈለግሽው ፕሮግራሟን ፎርክ አድርጊና (ቀድተሽ ለብቻሽ ቀጥያትና) አፕስትሪም (የፕሮግራሟ ዋና ባለቤት) ሁኚ። ግን ይሄኛው ሌላ ውሳኔ ነው፣ ከባጉ ጋር አታያይዢው።

ከሱሉልታ_ወዲህ

ፎርክ ካደረግሽ እኔ አለሁ። ፓኬጅ አልወድም እንጂ ኮድ እወዳለሁ። የባይቱን ነገር እኔ ላይ ጣይው።

መምህርት_ከቱሉዲምቱ

@ከሱሉልታ_ወዲህ ቃልህን ይዣለሁ፣ እንዳትጠፋ!

የመጽሐፉን አንቀጽ ትቼዋለሁ። ተማሪዎቹን አስጽፋለሁ፣ እንዲያውም ደስ ይላቸዋል።

የግንባታውን ውጤት አየሁት። ልክ እንዳላችሁት ነው፣ ባዶ ቅንፍ። አንድ ሄደር ፋይል ውስጥ ያሉ ፈንክሽኖች ናቸው፣ ምን እንደሚቀበሉ ጻፍኩላቸውና አለፈ። "ቡል" የሚል የለም። ፓቹን አዘጋጅቻለሁ፣ ሳልሳ ላይ አረንጓዴ ሆኗል። ሁለት ጥያቄ ብቻ። አርካይቩ ውስጥ ያለው ሪቪዥን 4 ነው፤ የኔ ፓኬጅ ስላልሆነች 4.1 ልበላት ወይስ 5? ፓቹ ላይ "ፎርዋርድድ" (ለደራሲው ተልኳል ወይ) የሚለው ቦታስ ምን ይጻፍ፣ ደራሲው ከሌለ?

ሲድ_ላይ_ነዋሪ

5 በያት። 4.1 የሚባለው የሌላ ሰው ፓኬጅ ውስጥ ገብተሽ ስታስተካክይ፣ ማለትም ኤንኤምዩ ሲሆን ነው። ይቺ ባለቤት ስለሌላት መደበኛውን ቁጥር ነው የምትቀጥይው። "ኪውኤ አፕሎድ" የምትለዋ መስመር መጀመሪያ ላይ ካልሆነች ግን ሊንቲያን ኤንኤምዩ መስሎት ስለ ቁጥሩ ይጨቀጭቅሻል።

ለደራሲው ኢሜይል ላኪለት። ዝም አለ ማለት ሞተ ማለት አይደለም። የድሮው የፕሮጀክት ገጽ ላይ ባግ መክፈቻ ካለ እዚያም አስቀምጪና ሊንኩን ፎርዋርድድ ላይ ጻፊ። "አያስፈልግም" ብለሽ እንዳትጽፊ፣ ያ የሚጻፈው ፓቹ ለዴቢያን ብቻ ሲሆን ነው፤ የአንቺው ግን በጂሲሲ 15 የሚገነባ ሁሉ ይፈልገዋል።

ሜንተርስ ላይ ከጫንሽ በኋላ የስፖንሰር ጥያቄውን ባግ ክፈቺ፤ ርዕሱ ላይ ኪውኤና አርሲ (ከባድ ባግ) የሚሉትን ምልክቶች በካሬ ቅንፍ አስገቢ፣ ከባድ ባግ የሚዘጋ መሆኑን ሲያዩ ቶሎ የሚያነሱት አሉ። ሳምንታት ዝም ቢሉሽም አትከፊ፣ በትህትና አስታውሻቸው። አንዴ ሲድ ከገባች፣ መካከለኛ አጣዳፊነት ካልሽ፣ ሌላ እንቅፋት ከሌለ ከ5 ቀን በኋላ ወደ ቴስቲንግ ታልፋለች።

የድሮው_አድሚን

የፓኬጇን ስም አሁን ንገሪን እንጂ፣ ልጄ። እኔም ቤት ቁጭ ብዬ አሮጌው ማሽኔ ላይ ልሞክርልሽ።